የማይጎድለው ጠርሙስ

ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠበት ዘመን የቤታችን ወጋግራ በዝናብ በስብሶ ጭኔ ላይ ወደቀ። ከማንኩሳ በበቅሎ ጭና ወደ ጣሊያን ሐኪም ቤት የወሰደችኝ ያሳደገችኝ የአጎቴ ሚስት ናት። ሐኪሙ እግሬን አሰረና ለሕመሙ ቡናማ መድኃኒት በትንሽ ብልቃጥ ሰጠኝ። መራራ ነበር። ከዋጥኩት በኋላ ግን ሕመሙ ብቻ ሳይሆን ብቸኝነቱም ይለቀኝ ነበር።

እግሬ በአራት ወር ዳነ። እኔ ግን በየሳምንቱ ቡሬ መሄዴን አልተውኩም። ከሐኪም ቤቱ በር ስደርስ አነክሳለሁ፤ ብልቃጡን አስሞልቼ ስመለስ ደህና እራመዳለሁ። ሰው ማናገር የማፍር ልጃገረድ ነበርኩ፤ እንዲህ ለመዋሸት ግን መናገር አላስፈለገኝም። መንደሩ «የጣሊያን በሽተኛ» እያለ ራቀኝ። ውሃ ስቀዳ ሴቶቹ እስክሄድ ፈንጠር ብለው ይቆሙ ነበር።

ኋላ ጣሊያን ሊወጣ ነው የሚል ወሬ በረታ። ብልቃጡን የሚሞላልኝ ሰው እንደማይኖር ሲገባኝ ለአጎቴ ሚስት ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችም። «ጠበልና መድኃኒት አይቀላቀልም» ብላ የቀረኝን ደፋችውና ከመንደራችን በታች ካለው ጠበል አስገባችኝ።

በማግስቱ ያዛጋኝ፣ ያስነጥሰኝ፣ ያንዘፈዝፈኝ ጀመር። የጠጣሁት ሁሉ ተመለሰ። ጠበልተኞቹ ከበቡኝና ይዟታል ያሉትን መንፈስ ይጠይቁ ጀመር።

«ማነህ? ከየት ያዝካት? ከወንዝ ነው ከዛፍ ሥር?»

«ከሐኪም ቤት» አልኩ።

«ይኸስ አዲስ ነው» አለች አንዷ። «እኔን የያዘኝ እንኳ ከገደል ነው።»

ሳቁ። ብችል እኔም እስቅ ነበር።

በሦስተኛው ቀን መቆም አቃተኝ። የሚያጠምቁት ሽማግሌ ቄስ የአጎቴን ሚስት ጠርተው፣ «ይች ልጅ መንፈስ አይደለም የያዛት። ሳትሞትብሽ መድኃኒቱን ለሰጧት ሰዎች መልሻት» አሏት።

ቡሬ ስንደርስ ሐኪሙ ሄዷል። ከአስመራ የመጣው ረዳቱ ዕቃ ያስር ነበር። ተደግፌ ስገባ እግሬን አየ።

«ዛሬ ማነከሱን ረሳሽው» አለኝ። «ከዳንሽ መቆየትሽን አውቅ ነበር። ዝም ማለቴ ጥፋት ነው።»

የተረፈውን መድኃኒት በትልቅ ጠርሙስ ከውሃ ጋር በጠበጠው። «ይህ በአንድ ጊዜ ሲተዉት ይጥላል። ጠዋት አንድ ማንኪያ፣ ማታ አንድ ማንኪያ። የጠጣሽውን ያህል አፍልተሽ ያቀዘቀዝሽውን ውሃ መልሺበት፤ እያደር ይቀጥናል። ከባሰብሽ ጥቂት ቀን ውሃ ሳትጨምሪ ቆዪ። ደግሞ ብቻሽን አትሁኚ።»

ብቻዬን አለመሆኑ ግን በእጄ አልነበረም። ከቡሬ ስንመለስ የአጎቴ ሚስት ወደ ልጆቿ ሄደች፤ እኔ እስክድን ከጠበሉ አጠገብ ባለች ጎጆ ቀረሁ። እዚያ ከጠበሉ በቀር ውሃ የለም። ቄሱ ድስት ጥጄ አገኙኝ።

«ልጄ፣ ጠበል ይፈላል እንዴ?»

«አፍልተሽ ተብዬ ነው አባ።»

ጎንበስ ብለው ድስቱን አዩ። «እንግዲያ አፍይው። በረከቱ አይተንም።»

አንድ ቀን ሦስተኛ ማንኪያ ቀድቼ አፌ ጋ ካደረስኩ በኋላ ደንግጬ መለስኩት፤ ጠርሙሱንም ወስጄ ለቄሱ ሰጠሁ። ከዚያ ወዲያ ጠዋትና ማታ ደጃቸው ቆሜ፣ «አባ፣ ማንኪያዬን» እላለሁ፤ ጠጥቼም የጎደለውን ካፈላሁት ጠበል እመልስበታለሁ። ቀኑን ሙሉ የምናገረው ያንኑ ነበር። ጣሊያን ቡሬን ለቀቀ የተባለ ዕለት እልልታው ከኮረብታው ማዶ ተሰማኝ። እኔ ማንኪያዬን እጠብቅ ነበር።

ግንቦት ላይ ቄሱ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሱት፤ ቀመሱትም።

«ይህ እኮ ጠበል ብቻ ነው» አሉኝ።

አውቅ ነበር። ምሬቱ ከጠፋ ሰንብቷል። የእግሬን መዳን እንደደበቅኩት ያንንም ደብቄው ነበር፤ በቀን ሁለት ጊዜ የሚያናግረኝ ሌላ ሰው አልነበረኝም።

«እስከ ቤትሽ እግርሽ ያደርስሻል?»

«ያደርሰኛል አባ።»

ጠርሙሱን እሳቸው ዘንድ ትቼ ዳገቱን ወጣሁ። የሚያየኝ አልነበረም፤ አላነከስኩም።