የአያ ወዳጆ አራት ብሎኖች

«ብሎኔን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥ ያለው ማን ነው?»

«ወዳጆ፣ ልጁ ገና ዛሬ መግባቱ ነው።»

«ዛሬ ቢገባስ! መዳፌን ዘርግቼለት እያየ አይደለም እንዴ? ለማኝ መሰልኩት?»

«አላወቀም አልኩህ» አለ አያ ይመር።

«እንግዲያው ይወቅ! አንሣና ስጠኝ፣ አንተ። አራት ናቸው። ቁጠር።»

ቆጠርኩ። አራት ነበሩ። አንድ በአንድ መዳፉ ላይ አኖርኩለት። አያ ወዳጆ ጨበጣቸውና ሬዲዮው ተጠርጎ እስኪያልቅ ጡጫውን አልፈታም። የዋጃ ገበሬ ነው፤ ረጅም፣ ድምፁ ከማሳ ማዶ የሚሰማ። ቆቦ ውስጥ አያ ይመር ሬዲዮ ቤት ሥራ በጀመርኩ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የተቀበልኩት የመጀመሪያ ስድብ የእሱ ነው።

ሰውየው ከሄደ በኋላ አያ ይመር መበየጃውን ከሰል ላይ እያገላበጠ አስረዳኝ። «የሰው ሬዲዮ ስትከፍት ብሎኑን ባለቤቱ ይይዛል። ስትዘጋ ሦስቱን አንተ ታጠብቃለህ፤ አራተኛውን እሱ ያጠብቃል።»

«ለምን?» አልኩ።

«የራያ ሰው በሬ ሲገዛ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ሬዲዮም ሲያመጣልህ ሆዱን ማየት ይፈልጋል። ብሎኑ በእጁ ካለ ዕቃው ሳይዘጋ የትም አይሄድበትም። አንተም ሳትጨርስ የትም አትሄድም።»

ያኔ ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ ነበር። ትምህርቴን አቋርጬ፣ ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ በግጥም እየሞላሁ፣ በአንድ ቦታ ረግቼ መቀመጥ አቅቶኝ የምዞር ሰው ነበርኩ። ማንም ግጥም አላስተማረኝም። ሬዲዮ ግን አያ ይመር አስተማረኝ።

በቤታችን ሦስት ማዕረግ ነበር። የመጀመሪያው ጠራጊ ነው፤ በዶሮ ላባ አቧራ ያራግፋል። ሁለተኛው ሽቦ ላጭ ነው፤ ፒንሳ ይይዛል። ሦስተኛው በያጅ ነው፤ መበየጃ የሚነካው እሱ ብቻ ነው። ከጠራጊነት ወደ ሽቦ ላጭነት ለመውጣት አሥር ወር ፈጀብኝ። በያጅ የሆንኩ ዕለት አያ ይመር የራሱን መበየጃ ሰጠኝና «ጣትህን ካቃጠልክ አትጩህ፤ ደንበኛ ይሰማል» አለኝ።

የውስጡ ዕቃ ከአስመራ በጭነት መኪና ይመጣል። ሣጥኑን ግን እኛ ነን የምንሠራው፤ ከዋንዛ። ከድምፅ ማውጫው ፊት ሁለት ድርብ የሸማ ጨርቅ እንወጥራለን፣ አቧራ እንዲይዝልን። ጎኑ ላይ በጋለ ብረት የማሽላ ራስ እንተኩስበታለን። ከሮቢት እስከ አላማጣ የማሽላ ራስ ያለበት ሣጥን የይመር እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ከባድ ነበር፤ አህያ ላይ ሲጫን ሚዛን እንዲጠብቅ ማዶ በኩል ድንጋይ ይታሰርለት ነበር። ድምፁ ግን ወፍራምና ሙሉ ነበር፤ ተናጋሪው ሰው ሣጥኑ ውስጥ የተቀመጠ ይመስል ነበር።

ያም ሆኖ የቆቦን አቧራ ሙሉ በሙሉ የሚያቆም ጨርቅ የለም። ስለዚህ በየዓመቱ ሰኔ ላይ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ ሰው ሁሉ ሬዲዮውን ይዞ ይመጣል። ብሎኑን ጨብጦ ይቆማል፤ እኛ እናራግፋለን። ወረፋው እስከ ወፍጮ ቤቱ ይደርስ ነበር።

አያ ወዳጆ ሬዲዮውን የሚያኖረው ማሽላ የሚጠብቅበት ማማ ላይ ነው። ወንጭፍ ትቶ ወፍ በሬዲዮ ነበር የሚያባርረው። «ዘፈን ሲሆን ቁጭ ብለው ይበሉኛል» ይለኝ ነበር፤ «ዜና ሲጀምር ግር ብለው ይነሣሉ። ወፍም እንደኔ ነው፤ ዜና አይወድም።»

በአምስተኛው ዓመቴ አንድ ትልቅ ኩባንያ ቤታችንን ገዛ። ኩባንያው አዲስ አበባ ላይ ሬዲዮ የሚገጣጥም ነው። ወኪሉ አቶ ፍሬው በጂፕ መጣ፤ ወጣት፣ ጨዋ፣ ጫማውን በየሰዓቱ በመሀረብ የሚጠርግ። የፈለገው ጠረጴዛችንን አልነበረም። የማሽላውን ራስ ነበር የፈለገው፤ እሱን ያየ ደንበኛ ሳይጠይቅ እንደሚገዛ ሰምቷል።

አያ ይመር ፈረመ። ዓይኑ መድከም ጀምሮ ነበር፤ ቀጭን ሽቦ ሲበይድ አየው ነበር። ሰማያዊ ካፖርት ተሰጠው፣ ደረቱ ላይ የኩባንያው ምልክት የተሰፋበት። ማዕረጉም «ፎርማን» ሆነ።

ከተማው ኮራ። እኔም ኮራሁ። «የኛ ይመር አዲስ አበባ ገባ!» እያለ ሰው እየመጣ አቀፈው። አንድ ሽማግሌ የራሱን ሣጥን ተሸክሞ መጣና ኩባንያ የገዛው የትኛውን እንደሆነ ጠየቀ፤ የእሱ እንዳልተሸጠ እስኪነገረው ተጨንቆ ነበር።

ከዚያ አዲሱ ሬዲዮ መጣ። ቀላል ነው፤ በአንድ እጅ ይነሣል። ፕላስቲክ ሆኖ ያብረቀርቃል። የማሽላው ራስ በቢጫ ቀለም ታትሞበታል። ከጀርባው ካሉት አራት ብሎኖች በሁለቱ ላይ ሽቦ ተጠምጥሞ፣ ጫፉ በእርሳስ ማኅተም ተደፍኗል። አቶ ፍሬው ደብዳቤውን ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ማኅተሙ አይነካም፤ የተበላሸ ሬዲዮ ደሴ ይላካል፤ ማኅተም የነካ ሠራተኛ ከሥራ ይወጣል።

የሮቢቱ ሸህ ሰይድ ሬዲዮውን አገላብጠው አዩትና መልሰው አስቀመጡት። «ወላሂ ይመር፣ አፉ የታሰረ በሬ ገዝቼ አላውቅም» አሉ። «ጥርሱ ጥሩ ይሆናል። ግን አላየሁትም።»

ጎብዬ ላይ ጠጅ ቤት ያላቸው እቴ ስንዱ ግን ሳቁባቸው። «እኔ ሆዱን ማየት ምን ያደርግልኛል? ሲዘፍን እሰማዋለሁ፣ ሲያብረቀርቅ አየዋለሁ። የኔንም ጋን ገብቶ ያየ ጠጪ የለም!» ብለው ገዙ። ተደስተውበትም ነበር። እውነቱን ለመናገር ድምፁ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር።

ሌላው ሰው ግን ያመነታ ነበር። ያኔ አቶ ፍሬው ግጥም እንደምጽፍ ሰማ። «ለገበያ የሚሆን አንድ ሁለት ስንኝ አታወጣልንም?» አለኝ። ሰው ግጥም ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ነበር። እዚያው ቆሜ ገጠምኩ፦

የቆቦ አቧራ ተነሥቶ ቢጨስ፣
ድምፁ አይታፈንም ጆሮ እስኪደርስ።

ይህን ጎብዬ ገበያ ላይ በድምፅ ማጉያ ራሴ አነበብኩት። ሰው አጨበጨበ። በዚያ ቀን ብዙ ሰው ገዛ። አያ ወዳጆም መጣና «አቧራ አያፍነውም ነው ያልከው?» ሲል ጠየቀኝ። «አያፍነውም» አልኩት። የዋንዛውን ሣጥን ሰጥቶ አዲሱን ወሰደ። ኩባንያው አሮጌውን እየተቀበለ አዲስ በቅናሽ ይለውጥ ነበርና። ሣጥኑ ለማሳያ ተብሎ ወደ አዲስ አበባ ተጫነ። ሲጫን ቆሜ አየሁ፤ አንድም ነገር አልተሰማኝም። ግጥሜን እያሰብኩ ነበር።

ሰኔ ሲመጣ ሰው እንደ ልማዱ ወረፋ ያዘ። ማኅተሙን አሳየናቸውና መለስናቸው። አያ ይመር ሰማያዊ ካፖርቱን ለብሶ ጓሮ ገባና ወረፋው እስኪበተን አልወጣም።

መስከረም ሲያልቅ ሬዲዮዎቹ ይንጣጡ ጀመር፤ ማሽላ ምጣድ ላይ ሲቆላ እንደሚሰማው። እቴ ስንዱ እንኳ ላኩብኝ፦ «የዘፋኙን ጉሮሮ ምን ነካው በሉት፤ ጠጪዎቼ እያሳሉ ነው የሚሄዱት።»

ከጥቅምት ገበያዎች በአንዱ አቶ ፍሬው የተበላሹትን ወደ ደሴ ሊጭን መጣ። ጠረጴዛው በሬዲዮ ተሞልቶ፣ ሰው በሩ ላይ ተጠጋግቶ ቆሞ ሳለ አያ ወዳጆ ገባ። ሬዲዮውን ፊቴ አኖረው።

«ገጣሚው።»

«አቤት አያ ወዳጆ።»

«አቧራ አያፍነውም ያልከኝ አንተ ነህ አይደል?»

«እኔ ነኝ።»

«ክፈተው።»

አቶ ፍሬው በትሕትና ጣልቃ ገባ። «ደሴ ይላካል አባቴ። በሁለት ወር ተሠርቶ ይመለሳል።»

«ማሽላዬ እሸት ይዟል። ወፉን ምን ልበለው? ደሴ ደርሼ ልመለስ፣ ጠብቀኝ ልበለው?» ሰው ሳቀ። አያ ወዳጆ አልሳቀም። «የጎረቤቴ ሄዶ የሌላ ሰው ሬዲዮ ነው የመጣለት።»

«ሁሉም እኮ አንድ ዓይነት ነው።»

«ላንተ አንድ ነው። እኔ በግ ሳግድም የራሴን በጆሮው ነው የማውቀው።» ወደ እኔ ዞረ። «ዋንዛዬን ያስረከብኩት ለኩባንያ አይደለም። በአፍህ አምኜ ነው። ክፈተው።»

«ማኅተሙን የነካ ከሥራ ይወጣል» አለ አቶ ፍሬው። ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀሰረ። ለእኔ ነበር የሚናገረው። ከአንድ ሳምንት በፊት ዋና ቴክኒሺያን ሊያደርገኝ እንዳሰበ ነግሮኝ ነበር።

አያ ይመርን አየሁት። አንገቱን አቀርቅሮ የአንድ ሬዲዮ አንቴና ይወለውላል።

ካቻቢቴውን አነሣሁ። ማኅተሙ ላይ አሳረፍኩትና እጄ ቆመ። ፈርቼ ነበር። ገፋ አደረግሁት፤ እርሳሱ ተጫረ እንጂ አልተቆረጠም።

አያ ይመር አንቴናውን አስቀመጠ። መሳቢያውን ከፍቶ ፒንሳ አወጣና ከእጄ አጠገብ አኖረልኝ።

«እርሳስ በካቻቢቴ አይቆረጥም» አለ።

በፒንሳው ቆረጥኩት። ብሎኖቹን ፈታሁ። አያ ወዳጆ መዳፉን ዘርግቷል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብዬ አኖርኩለት። ጨበጠ።

ውስጡ በአቧራ ወፍጮ ቤት ይመስል ነበር። ከድምፅ ማውጫው ፊት ጨርቅ የሚባል ነገር አልነበረም፤ አዲስ አበባ ያለ ሰው ለምን ያስፈልጋል ብሎ ያስብ? አቶ ፍሬውም ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ሦስት ጊዜ አስነጠሰ። ሁለተኛው ላይ ሰው «ይማርህ» አለው።

አያ ይመር ከመሳቢያው ሥር ተጣጥፎ የተቀመጠ የሸማ ጨርቅ አወጣ። ለምን እንዳስቀመጠው አልጠየቅሁም። እኔ በላባ አራገፍኩ፣ እሱ ጨርቁን በድርብ ወጠረ። ባትሪ ድንጋዩን መልሰን ስንከፍተው ከአዲስ አበባ አንዲት ሴት ስለ ዝናብ ትናገር ነበር፤ ያለ አንድ መንጣጣት። ሰው ሁሉ ተጠግቶ ሰማት።

ሦስቱን ብሎኖች አጠበቅሁ። አራተኛውን አያ ወዳጆ አጠበቀ። ማንም ሳይጠይቃቸው ሸህ ሰይድ ከበሩ ላይ «እሰይ» አሉ።

አቶ ፍሬው አልጮኸም። «አቶ ይመር፣ ቤቱን ሸጠዋል። ስሙንም ሸጠዋል። ምልክቱንም። ፈርመዋል።»

«ሸጫለሁ» አለ አያ ይመር። «ብሎኑ ግን የኔ አልነበረም፤ የሰው ነው። የሰው ዕቃ እንዴት አድርጌ እሸጣለሁ?»

ካፖርቱን አውልቆ አጣጠፈና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። በሸሚዝ ሲታይ ትከሻው ሰፊ ነበር፤ ረስቼው ነበር።

አሁን ሮቢት ላይ አንድ ጠረጴዛ አለን። ሣጥኑን ከዋንዛ እንሠራለን፤ የማሽላውን ራስ ግን አንተኩስም፤ ተሽጧል። ምልክት የሌለው ሣጥን ያየ ሁሉ የማን እንደሆነ ያውቃል። የመጀመሪያውን የሠራነው ለአያ ወዳጆ ነው፤ ሲወስደው ማዶ በኩል ድንጋዩን ያሰርኩለት እኔ ነኝ። መበየጃውን አሁን በብዛት የምይዘው እኔ ነኝ። ግጥምም እጽፋለሁ፤ ውስጡን ከፍቼ ላላየሁት ዕቃ ግን አልጽፍም።

ይህን የምጽፈው ሬዲዮ ለምትጠግኑ ባልደረቦቼ ነው። ከሥራዬ የተማርኩት ይህን ነው፦ የሰው ዕቃ ስትከፍቱ ብሎኑን ባለቤቱን አስይዙት።

ማኅተሙን የቆረጥኩ ቀን አያ ይመር ቀድሞ ወጣ። አያ ወዳጆ ሬዲዮውን አቅፎ ተከተለው፤ አቶ ፍሬውም ሰዉም ወጡ። እኔ የኩባንያውን ካቻቢቴና ፒንሳ ወልውዬ ቦታቸው መለስኩና የመጨረሻው ሆኜ ወጣሁ። ነፋስ ተነሥቶ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ወደ ደሴ የሚጫኑት የሰው ሬዲዮዎች ነበሩ። አቧራ እንዳይገባባቸው በሩን ገጥሜ ዘጋሁት።