እትዬ ዘነበች እና ዝም ያሰኘነው ጠባቂ

በዮርዳኖስ፣ አማን ከተማ ለምትኖሩ፣ እትዬ ዘነበችን ለምታውቋቸው ሁሉ፦ ከልብ ሕመማቸው ጋር ሲታገሉ ቆይተው፣ ጀበል አል-ሁሴን ሰፈር በሚገኘው የኪራይ ክፍላቸው አርፈዋል። አስከሬናቸውም ወደ አገር ቤት ተሸኝቷል። እኔ ኮምፒውተር ያስተማሩኝ ተማሪያቸው ነኝ። ሐዘኔን ብቻ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ግን አንዲት ልጅ ጠፍታብናለች።

እርሳቸው ሽሜሳኒ ሰፈር ውስጥ ቢሮዎችን በሰዓት እያጸዱ ይኖሩ ነበር። በሰው ቤት ተቀጥረው እዚያው ለሚያድሩ እህቶቻችን ደግሞ በአሮጌው ላፕቶፓቸው ላይ በየስማቸው ፎልደር ከፍተውላቸው ነበር። ችግር ገጥሟት መደወል የማትችል ልጅ በስልኳ ፎቶ ካነሳች፣ ፎቶው በኢንተርኔት መጥቶ በራሱ ፎልደሯ ውስጥ ይገባል። የእትዬ ዘነበች ትንሽ ፕሮግራም ፎልደሮቹን ያለማቋረጥ ይጠብቃል፤ አዲስ ፎቶ ሲገባ ይጮኻል። ላፕቶፑን ሥራም ይዘውት ይሄዱ ነበርና፣ ያን ጊዜ ሥራቸውን ጥለው ይወጣሉ። የስንቱን አሠሪ በር አንኳኩተው፣ አንዴ ተለማምጠው አንዴም ተቆጥተው፣ ስንቷን ይዘው ተመልሰዋል!

መጀመሪያ ላይ ፕሮግራሙ የሚሠራው መስኮቱ ስክሪኑ ላይ ክፍት እስካለ ድረስ ብቻ ነበር። አንድ ቀን መስኮቱ ሳይታወቅ ተዘጋ፤ እኛም ምንም ስላልጮኸ ሁሉ ሰላም ነው ብለን ዋልን። ሲደርሱበት ፊታቸው ጠቆረ። «ዝም ያለው ሰላም ስለሆነ ነው ወይስ እሱ ራሱ ስለሞተ? ይህን ካልለየሽ ጠባቂ የለሽም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ከጀርባ ሆኖ እንዲሠራ፣ ላፕቶፑ ጠፍቶ ሲበራም በራሱ እንዲነሳ አደረጉት። መኖሩም እንዲታወቅ በየሰዓቱ ትንሽ ድምፅ ያሰማ ጀመር።

ብርቱካንን ያወቅኳት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ከእርሳቸው ጋር ቆማ ነው።

«እትዬ፣ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ማዳም ይዛዋለች። አሁን ደግሞ ስልክሽን አምጪ እያለች ነው።»

«አትፍሪ የኔ ልጅ። በእጅሽ እስካለ ድረስ አንድ ፎቶ አንሺ፤ የግድግዳም ይሁን። ያላ፣ አሁን ሂጂ፣ እንዳትቆጣሽ።»

እርሳቸው ያረፉ ዕለት ክፍሉ በለቀስተኛ ሞላ። ያቺ ድምፅ በየሰዓቱ ስትሰማ አንዲት ሴት «ኸላስ፣ በቃ ዝጉት እንጂ! ሐዘን ቤት እኮ ነው» አለች። ሬዲዮ እንደሚዘጋው ሁሉ ላፕቶፑን አጠፉትና አልጋው ሥር አኖሩት። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ለክብራቸው ነው።

ለቅሶው ሲበተን እኔ አበራሁት። ጠባቂው እንዳሰናዱት በራሱ ተነሳ፤ ወዲያውም ጮኸ። በብርቱካን ፎልደር ፎቶዎች ገብተዋል፤ ሁሉም የተነሱት አስከሬናቸውን በሸኘንበት ዕለት ነው። የመጀመሪያው ነጭ ግድግዳ ነው። ቀጥሎ የተዘጋ በር፣ ከዚያም ያው በር በጣም ከቅርብ። የመጨረሻው ጥቁር ብቻ ነው።

ብርቱካን ተቀጥራ ወደምታድርበት ቤት፣ ሽሜሳኒ፣ ሄጄ አንኳኳሁ። አሠሪዋ በሩን ገርበብ አድርጋ «ሄዳለች» አለችኝ። «ወዴት?» ስላት ዘጋችብኝ። የብርቱካን ጫማ ደጃፉ ላይ ነበር። ፖሊስ ጣቢያ አመልክቻለሁ፤ እስካሁን የሰማሁት ነገር የለም። ያያችኋት፣ የሰማችሁ ካላችሁ፣ ስለ እግዚአብሔር ንገሩኝ።

እትዬ ዘነበች፣ ደህና ይሁኑ። አፈሩ ይቅለልዎ። በእርስዎ ሐዘን የምናለቅሰውን ያህል በፍርሃት ነው የምናለቅሰው። ብርቱካን እርስዎ ዘንድ መጥታ ከሆነ እቅፍ አድርገው ይቀበሏት። ካልመጣች ግን፣ እባክዎ፣ ብትናፍቅዎትም አይጥሯት፤ እየፈለግናት ነው።