ከጨርቁ ጀርባ በጠመኔ

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ የሰው ልክ ጮክ ብለው ተናግረው አያውቁም። ሌሎቹ ሰፊዎች ሜትሩን ደንበኛው ወገብ ላይ ጠምጥመው ቁጥሩን እስከ ጎረቤት ሱቅ ሲያሰሙ፣ እሳቸው ዝም ብለው ይለካሉ፤ ሜትሩን አንገታቸው ላይ ይመልሱና "ጨርሻለሁ፣ በሰላም ይሂዱ" ይላሉ። ወረቀት የለ፣ እርሳስ የለ። የሰው ወገብ ምስጢሩ ነው ባይ ናቸው። እውነታቸውን ነው እንጂ! በዚያ መንገድ ላይ ስንቱ ኩሩ ሰው ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ፣ ትንፋሹን ይዞ እንደሚለካ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ልኩ ሁሉ ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው። ከዓመታት በኋላ የሚመለስን ደንበኛ ገና በሩ ላይ ሳለ "ወፍረሃል" ብለው ይቀበሉት ነበር።

ሙያውን የወረሰችው የልጅ ልጃቸው ናት። ልብሷ ላይ ክር ጠፍቶ ስለማያውቅ ክሬ ይሏታል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቁልፍ በመትከል ጀምራ፣ አሁን ኮት ከነገበሩ ሰፍታ የምታወጣ ሴት ወይዘሮ ሆናለች። ጨርቅ መቁረጥ ግን አልተፈቀደላትም። ትልቁ መቀስ የአያቷ ነው፤ ለምሳ ሲወጡ እንኳ በጨርቅ ጠቅልለው ብብታቸው ስር ይዘውት ይሄዳሉ።

ክሬ ከአያቷ ብዙ ተምራለች፤ አንዱን ትምህርት ግን መቼም አትረሳውም። ልጅ ሳለች ጎረቤቶች ሲጠሯት ካውያውን የሰው ሱሪ ላይ ረስታ ሄደች። የካውያው ቅርጽ ሱሪው ላይ ቁጭ! ደንበኛው መጥቶ ሲያይ ደሙ ፈላ። ክሬ ከሱቁ መጋረጃ ኋላ ተሸጉጣለች።

"ማነው ያቃጠለው?" አለ ሰውዬው።

"እኔ ነኝ" አሉ ሽማግሌው። "እርጅና መሰለኝ። በሌላ ጨርቅ ሰፍቼ እተካለሁ።"

ሰውዬው እንደ ወጣ መጋረጃውን ገለጡ። "ደንበኛ ፊት ጥፋቱ የጌታው ነው። እዚህ ጋ ግን ጥፋቱ የአንቺ ነው፣ ነይ ውጪ!" ከዚያ በኋላ የወረደባትን ውርጅብኝ ተዉት። ጆሮዋ እስኪግል ተቆጧት። ማታ ግን እናቷ ጆሮ አንዲት ቃል አልደረሰችም።

እርጅናው የምር የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ሱቁን ያምሳሉ። አንድ ቀን ለአንድ ኮት ሁለት የግራ እጅጌ ቆረጡ፤ ጨርቁ ተርፎ ስለነበር ለጥቂት ተረፉ። የክሬ እናት፣ የሽማግሌው ልጅ ማለት ነው፣ ይህን ስትሰማ ቁርጡን ተናገረች።

"አንድ ጨርቅ ቢበላሽ መቀሱን ተቀብዬ ቤት አስቀምጣቸዋለሁ። አባቴን የማልወድ እንዳይመስልሽ። የሰው ንብረት ነው፤ መሳቂያ ሲሆኑ ማየት አልፈልግም።"

ክሬ ቤት መቀመጥ ለአያቷ ምን እንደሆነ አይታለች። እግራቸውን ታመው የተኙ ጊዜ የአንሶላውን ጫፍ ሲያጥፉና ሲዘረጉ ይውሉ ነበር። ምግብ አሻፈረኝ አሉ። ወደ ሱቅ የተመለሱ ቀን ገና መቀሱን ሲጨብጡ የፊታቸው ወዝ ተመለሰ። መቀሱን መቀበል እሳቸውን መቅበር ነው ብላ ታምናለች፤ ፈርታለችም።

እንዲህ ባለ ሰሞን አንድ ቀጭን መምህር ጨርቅ ይዞ መጣ። አባቱ ከባድ መኪና ነጂ ነበር፤ ራሱም ከመኪናው የማይተናነስ ግዙፍ ስለነበር ተሳቢ ይሉት ነበር። ዕድሜ ልኩን ያለ ሽማግሌው ሌላ ሰፊ አልለካውም። ጥቁር ሰማያዊውን ጨርቅ ገዝቶ፣ "ስትመረቅ ሙሉ ልብስ አሰፋበት" ብሎ ለልጁ ሳጥን ውስጥ አስቀምጦለት፣ ምርቃቱን ሳያይ ሞተ። አሁን ልጁ ሥራ ሊጀምር ነው። መልኩ ቁርጥ አባቱን ነው፤ ሥጋው ግን ከየት ይምጣ! ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው በዝምታ ለክተው ሸኙት።

ክሬ ገበርና ቁልፍ ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ ጨርቁ ተቆርጦ፣ ኮቱም ለመለካት ያህል በእጅ ስፌት ተያይዞ አገኘችው። ትከሻውን ስታየው ልቧ ስንጥቅ አለ።

"አባባ፣ ይሄ ኮት አልሰፋም?"

"ምን ነካሽ? ሰውዬው በበር በጎን አይደል እንዴ የሚገባው!"

የቆረጡት ለሟቹ ነው። ፊቱን አይተው፣ ጨርቁን አይተው፣ እጃቸው ከልጁ ልክ ይልቅ የአባቱን ልክ አስታወሰ። ክሬ ሰውዬው ሞቷል ብትላቸው ራሳቸው መቀሱን አስቀምጠው ይወጣሉ። ዝም ብትል ደግሞ መምህሩ ነገ ለልክ ይመጣል። ጠባቡን ማስፋት ሳይሆን ሰፊውን ማጥበብ በመሆኑ ብቻ ፈጣሪዋን አመሰገነች።

መምህሩ መጥቶ ኮቱን ለበሰ። ጉድ ነው! ኮቱ ውስጥ አንድ ሰው ለማከራየት የሚበቃ ቦታ ነበር። እጅጌው ጣቶቹን ዋጣቸው። ልጁ ግን አልሳቀም፤ መስታወቱ ፊት ቆሞ ቀረ። ሽማግሌው ዞር ዞር እያሉ ትከሻውን ሳብ፣ ወገቡን ጨበጥ አደረጉ። "ይሄ ምንድነው?" አሉ ለራሳቸው።

"ይሄ እኮ የአባ..." ብሎ መምህሩ ሲጀምር ክሬ አፉን ነጠቀችው።

"አባባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው! ሲቆርጡ ልኩን አስታውሺኝ ብለውኝ የለ? የሌላ ሰው ልክ ነው የነገርኩዎት። ተምታታብኝ።"

ሽማግሌው አዩዋት። አስታውሺኝ ማለታቸውን አያስታውሱም፤ አለማለታቸውንም አያስታውሱም። ከዚያ ወደ ደንበኛው ዞሩ።

"እሷን አትቀየማት፣ ልጄ። ጥፋቱ የእኔ ነው። እርጅና መሰለኝ።"

መምህሩ አንዴ ሽማግሌውን፣ አንዴ ክሬን አየ። ተሳቢ ልጁን በደንብ አሳድጎታል። "ችግር የለም፣ አባባ፤ ሥራ የምጀምረው ገና ነው" ብሎ ኮቱን ቀስ ብሎ አወለቀ። ሽማግሌው እንደ አዲስ ለኩት።

መምህሩ እንደ ወጣ ሽማግሌው ክሬን ወደ መጋረጃው ኋላ ጠሯት። ያቺ ወይዘሮ እንደ ልጅነቷ ቆማ ተቀበለች። አይ ቁጣ! ሙያ በቀልድ እንደማይያዝ፣ ጨርቁ የሙት አደራ እንደሆነ፣ ስንት ዓመት ለፍተው ያስተማሯትን ውሃ እንደበላው፣ አንድም አልቀራቸው። ክሬ "እሺ አባባ" ከማለት በቀር ትንፍሽ አላለችም። እንባዋ መጣ፤ እሳቸው ተግሣጹ ገባት ብለው ለዘብ አሉ።

"በይ ተይው። እንደ እኔ ያለ ጭንቅላት ለሁሉም አይሰጥም። ከዛሬ ጀምሮ ስለካ በጆሮሽ ሹክ እልሻለሁ። አንቺ ከጨርቁ ጀርባ በጠመኔ ጻፊው። ስቆርጥም ከዚያው እያየሁ እቆርጣለሁ፤ አንቺን አላምንም።"

"እሺ አባባ" አለች።

ኮቱ ጠቦ ልክ መጣ። መምህሩም ለብሶት ሥራ ጀመረ። ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ብዙ ቆረጡ፤ አንድም ጨርቅ አልተበላሸም፤ መቀሱም ከብብታቸው ሳይወጣ ኖሩ። ጠመኔውን ያዘዙት ውሸቷን አውቀው ነው ወይስ ሳያውቁ? እኔ እንጃ። ክሬም አልጠየቀቻቸውም።

ዛሬ እሳቸው የሉም። ሱቁም መቀሱም የክሬ ነው። የዚያን መንገድ ሰው ልክ አንድ ባንድ በቃሏ ታውቀዋለች፤ ወፍራሙንም ቀጭኑንም በሩ ላይ ሳለ ትለየዋለች። እንዲያም ሆኖ ከያንዳንዱ ጨርቅ ጀርባ በጠመኔ ትጽፋለች። አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች አንዳንዴ፣ "በቃልሽ እያወቅሽው ለምንድነው የምትጽፊው?" ይሏታል።

"እኔ እረሳለሁ" ትላቸዋለች።