መርዶ የገባበት መመሪያ

ጋሼ ያየህ ካረፉ ዓመት አለፋቸው። ስማቸው በተነሣ ቁጥር የሚታየኝ እርሳሳቸው ነው። ጆሯቸው ላይ ሰክተውት «የእርሳስ ያለህ!» እያሉ ቢሮውን ያምሱት ነበር፤ እኛም እያየን ዝም እንላለን። ክፉዎች ነበርን።

ወጣትነታቸውን በቅኔ ቤት አሳልፈዋል፤ ከዚያ ለብዙ ዓመታት አስተምረዋል። በመጨረሻ ቢቸና ላይ እኛ ድርጅት ገብተው የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ሆኑ። ድርጅታችን ለገጠሩ የውኃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ትንሽ ድርጅት ነበር፤ ዋናው ቢሮ ቢቸና፣ ቅርንጫፉ ሞጣ። እኔ ባንቺዓለም ደግሞ የድርጅቱን የፌስቡክ ገጽ እይዝ ነበር። ዘመኑ ሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው። አቤት ያን ጊዜ! ኔትወርክ የሚገኘው ከግቢው ጀርባ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ብቻ ስለነበር፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሁላችንም ስልካችንን ወደ ላይ አንሥተን እንቆማለን። ጋሼ ያየህ በመስኮት ብቅ ይሉና «እናንተ፣ መና ይወርዳል ብላችሁ ነው?» ይሉናል። ያ ሳቅ ዛሬ ከየት ይመጣል?

ሞጣ ቅርንጫፍ የምትሠራው የትናየት የልጅነት ጓደኛዬ ናት። እናቷ እትዬ ውበቴ ቢቸና ነበሩ፤ እኔንም እንደ ልጃቸው ነው ያሳደጉኝ። አንድ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ደኅና የዋሉት ሴትዮ በድንገት አረፉ።

በእኛ አገር መርዶ እንደ ወሬ አይነገርም። ሽማግሌ ይመረጣል፣ የሐዘንተኛዋ ጎረቤት አስቀድሞ እንዲያውቅ ይደረጋል። እሷ አዳሯን በሰላም ታድራለች፤ ጎህ ሲቀድ ቤቷ ይኬዳል፤ ደግፎ የሚይዛት ሰው አጠገቧ ሳይቆም አፍ አይከፈትም። ጋሼ ያየህ ሁለት ዘመድ ይዘው በድርጅቱ መኪና ማምሻውን ሞጣ ሊገቡ፣ ጎህ ሲቀድ አርድተዋት ለቀብር ሊያደርሷት ተነሡ።

እኔስ? ምን እንደነካኝ እንጃ! እያለቀስሁ ገጹን ከፈትሁ። ባለፈው ጥምቀት ያነሣኋቸውን ፎቶ ለጠፍሁና «የባልደረባችን የየትናየት እናት ወይዘሮ ውበቴ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል፤ ነፍስ ይማር» ብዬ ጻፍሁ። ጓደኛዬን ያከበርሁ መስሎኝ ነበር። ሞጣ ኔትወርክ ከጠፋ ሳምንቱ ስለነበር ታየዋለች ብዬ አላሰብሁም። ለካ ያን ቀን መጥቷል! ጋሼ ያየህ መኪናው ውስጥ ሳይገቡ ከሞጣ ተደወለ። የትናየት ቢሮ ውስጥ ብቻዋን ነበረች፤ ከወንበሯ ወድቃ ግንባሯ ተፈንክቷል። ያነሣት የግቢው ጥበቃ ነው።

ጽሑፉን ወዲያው አጠፋሁት፤ ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ቀብሩ ላይ አጠገቧ ልቆም ስጠጋ ፊቷን አዞረችብኝ። ከዚያ ወዲያ ስልኬን አታነሣም። ሥራዬን አጣለሁ ብዬ መስሏችሁ እንቅልፍ ያጣሁት? የለም፣ የትናየትን አጣኋት ብዬ ነው።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ምንይሉ ግን ሊያባርሩኝ ቆርጠው ነበር። ጋሼ ያየህ ገቡና «በየትኛው መመሪያ?» አሏቸው።

«እሱማ መመሪያ የለንም።»

«ባልተጻፈ ሕግ ሰው አይቀጣም። መጀመሪያ እንጻፈው፤ ከዚያ ያጠፋ ይቀጣ።»

ከአዲስ አበባ የሌላ ድርጅት የማኅበራዊ ሚዲያ መመሪያ ናሙና ተገኘ። የድርጅቱን ምስጢር አታውጡ ይላል። በግል ገጻችሁ ስትጽፉ የራሳችሁ ሐሳብ መሆኑን ግለጹ፣ በሥራ ሰዓት ፌስቡክ ላይ አትቀመጡ፣ ብሎግ የምትጽፉ ለአለቃ አሳውቁ ይላል። ጋሼ ያየህ «ብሎግ ደግሞ ምንድን ነው? እኛ የምናውቀው ብሎኬት ነው!» እያሉ ሊያስቁኝ ሞከሩ፤ እኔ ግን ፊቴም አልፈታ አለኝ። አምስተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ናሙናውን ወዲያ ገፉና በእጃቸው ጻፉ፦ «ማንኛውም ሠራተኛ የባልደረባውን ቤተሰብ ሞት በማኅበራዊ ሚዲያ ከመግለጹ በፊት መርዶው በወግ መነገሩን ያረጋግጣል።»

አቶ ምንይሉ «ጋሼ፣ መርዶ ከሥራ ጋር ምን አገናኘው?» አሏቸው።

«ሠራተኛው እናት የለውም?»

አቶ ምንይሉ ማኅተሙን ከመሳቢያ አውጥተው መቱበት።

መመሪያውን እያንዳንዱ ሠራተኛ አንብቦ መፈረም ነበረበት። ጋሼ ያየህ የሞጣውን ቅጂ በመኪና መላክ ሲችሉ እኔን ጠሩኝ። «ባንቺ፣ ይዘሽው ሂጂ። የትናየትን አንቺው አስፈርሚያት» አሉኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ በምን ዓይኔ አያታለሁ!»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ፣ አይመለስም። አንቺ ግን መሄድ ትችያለሽ፤ ሂጂ።»

ደብረ ወርቅን አልፈን፣ በዚያ አቧራ፣ እስከ ሞጣ ድረስ የምላትን ስደረድር ሄድሁ። ስደርስ የትናየት ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯን ተቆርጣ ተቀምጣለች። ወረቀቱን ተቀበለችኝ፤ ከላይ ጀምራ አነበበችና አምስተኛው አንቀጽ ላይ ቆመች።

«ይቺን የጻፏት ጋሼ ያየህ ናቸው፣ አይደል?» አለች።

«አዎ። የትናየት፣ ይቅር በይኝ፤ ስለነገርሁሽ…»

«ስለነገርሽኝ የተቀየምሁሽ ይመስልሻል?» አለችኝ። እንባዋ መጣ። «ያን ቀን ኔትወርኩ ሲመጣ ገጹን ከፈትሁት። መጀመሪያ ያየሁት የእማዬን ፎቶ ነው። እንዴት አምሮባት! መቼ ተነሣችው ብዬ ደስ አለኝ። ከሥሩ ያለውን ሳላነብ ላይክ አደረግሁት፣ ባንቺ። እናትሽ ሞተች ሲሉኝ ላይክ አደረግሁ! አንቺን ባየሁ ቁጥር ያቺ ጣቴ ናት የምትታየኝ።»

እኔም አብሬያት አለቀስሁ፤ ብዙ አለቀስን።

በኋላ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ ፈረመች። ወረቀቱን ስትመልስልኝ እጄን አልለቀቀችውም።

«ፎቶው አለሽ?»

«ስልኬ ላይ አለ።»

«እማዬ ሌላ ፎቶ የላትም። አሳጥበሽ አምጪልኝ። በሰው እንዳትልኪው፣ ራስሽ ይዘሽው ነይ።»