ደቦው የቀረበት ቀን

በቀደም ለጉዳይ ደብረ ታቦር አንድ ቢሮ ገብቼ ተራዬን ስጠብቅ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ አየሁ። አንዲት ባልቴት ግራጫ ብርድ ልብስ ታቅፈው ቆመዋል። ከሥሩ «ከጎናችሁ ነን» ይላል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «አቤት፣ ደስታቸው ከፊታቸው ይነበባል!» አለኝ። ደሜ ፈላ። እሳቸው በዚያች ሰዓት ምን ያስቡ እንደነበር የማውቀው እኔ ነኝ። እዚያ ያቆምኳቸውም እኔው ነኝ።

ያኔ ጉና ተራራ ሥር ባለች አንዲት ቀበሌ የግብርና ባለሙያ ነበርኩ። ክረምት መኪና አይደርስባትም፤ በበጋም የሚደርሰው ሾፌሩ ከጨከነ ነው። ባልቴቷ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። ያለቻቸው አንዲት የገብስ ማሳ ናት። እርሻውን የወንድማቸው ልጅ ያግዛቸዋል፤ አጨዳው ግን በደቦ ነው። የእርዳታ ስንዴ በመጣ ቁጥር ስማቸውን ልመዝግብ ስል «ለሌለው ስጥ፤ እኔ ገብስ አለኝ» ይሉኝ ነበር። እጃቸውን ለማንም ዘርግተው አያውቁም፤ ይህንንም አገሩ ሁሉ ያውቅላቸው ነበር።

የዚያን ዓመት ጥቅምት ገብሱ ደርቆ ማጭድ ይጠብቅ ነበር። ደቦውን ለዓርብ፣ ለሃያኛው ቀን ጠሩ። ቀኑን ዝም ብለው አልመረጡትም። ሐሙስ ገብርኤል ነው። ቅዳሜ ማርያም ናት፣ እሑድ ሰንበት፣ ሰኞ ጊዮርጊስ፣ ማክሰኞ ደግሞ የደብሩ ታቦት ተክለ ሃይማኖት። ማጭድ የሚነሣው ዓርብ ብቻ ነበር። ጎታቸውን አሟጠው ጠላ ጠመቁ፣ የጾም ወጥ ሠሩ፣ ንፍሮ ቀቀሉ።

ዓርብ ማለዳ የቀበሌው ሊቀመንበር ደወለልኝ። አንድ እርዳታ ድርጅት ከአዲስ አበባና ከውጭ የመጡ እንግዶች ይዞ ብርድ ልብስ ሊያድል ነው፤ ሕዝቡ በሦስት ሰዓት ትምህርት ቤቱ ሜዳ ይሰብሰብ። «አንድ ሰው እንዳይቀር። የቀረ ከእርዳታ ዝርዝር ይወጣል በላቸው» አለኝ።

ማሳው ዳር ስደርስ ሃያ የሚሆኑ ወንዶች ማጭዳቸውን ይስሉ ነበር። የታዘዝኩትን ነገርኳቸው። አንድ ሽማግሌ «ነገ እኮ ማርያም ናት ልጄ! ይኸ ገብስ ለማን ሊተው ነው?» አሉኝ።

«ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም አባቴ። አምስት ሰዓት ሳይሞላ ተመልሳችሁ ትገባላችሁ» አልኳቸው። አምኜ ነው ያልኩት፤ ጅል ነበርኩ። ሰዎቹ ተያዩና ማጭዳቸውን ሰብስበው ተነሡ። ባልቴቷ እንስራ አዝለው ሲመጡ ሰው ሲበተን አይተው መንገድ ላይ ቆሙ።

«አንቱም ይምጡ እናቴ፣ ብርድ ልብስ ይሰጣል» አልኳቸው።

«ብርድ ልብስ ስጠኝ ብዬሃለሁ?» አሉኝ። እውነትም ስጠኝ አላሉኝም። ማንም አላለም። «አንድ ሰው እንዳይቀር ተብሏል» ብዬ ይዣቸው ሄድኩ።

ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሆነ፣ ስድስት ሆነ። ሕዝቡ ሜዳው ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይጠብሰዋል። ገብሱ ከዚያ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሊቀመንበሩ «መንገድ ላይ ናቸው» ይላል። መኪኖቹ የደረሱት በዘጠኝ ሰዓት ነው። ደብረ ታቦር ምሳ ሲበሉ ያዘዙት ዓሣ ዘግይቶባቸው እንደሆነ ሾፌሩ ነገረኝ። እሱ እንኳ ሲነግረኝ አፍሮ ነበር።

ከዚያ ንግግር መጣ። አንዱ ማይክሮፎን ይዞ «የተረሳችሁ ወገኖቻችን» አለን። ተረስተን ቢሆን ኖሮ ገብሱ ታጭዶ ያድር ነበር። ብርድ ልብሱን ፀሐይ ላይ ዘርግቼ ሳየው ወዲያ ማዶ ያለውን ሰው ያሳያል። የጉናን ብርድ የሚያውቅ ሰው ያንን ለፍየል አያለብስም። ፎቶ አንሺው ባልቴቷን ከሰልፉ መርጦ አወጣና ብርድ ልብሱን አስታቅፎ «ፈገግ ይበሉልኝ» አላቸው። እሳቸው ከትከሻው በላይ ማሳቸውን እያዩ ነበር። ቢሮው ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ደስታ ያለው ይህንን ነው።

እንግዶቹ በአሥራ አንድ ሰዓት ሄዱ። ከወንዶቹ አንዳንዶቹ ሐፍረት ይዟቸው ሮጠው እስኪጨልም አንድ ጥግ አጨዱ። ሌላው እንደ ቆመ ቀረ።

ሰኞ ከቅዳሴ በኋላ ደመናው ከጉና ወረደ። በረዶው አንድ ሰዓት እንኳ አልዘነበም፤ ለደረቀ ገብስ ግን ያው ይበቃዋል። ፍሬው ረግፎ ጭቃ ውስጥ ገባ፣ የቆመው አገዳ ብቻ ሆነ። ስደርስ ባልቴቷ ተንበርክከው ፍሬ በፍሬ ይለቅማሉ። በዓል መሆኑን ያስታወሳቸው የለም። ማሳው ዳር ቆምኩ።

«ቆመህ ከምታይ ልቀም» አሉኝ።

ለቀምኩ። እስኪመሽ ለቅመን አንድ ቁና አልሞላም።

በሳምንቱ ድርጅቱ ውስጥ ላለ አንድ ኃላፊ ደውዬ የሆነውን ነገርኩት። «እና በረዶ እኛ ነን የምናዘንበው?» ብሎ ሳቀ። ስልኩን ጆሮው ላይ ልዘጋበት ሲገባኝ «አይ፣ እሱማ ልክ ነው» አልኩ። በዚያው ሳምንት «የርክክብ ሥነ ሥርዓቱ በደመቀ ሁኔታ ተከናወነ» የሚል ሪፖርት ጻፍኩ። በእነሱ የምናደደውን ያህል በራሴም እናደዳለሁ፤ እንዲያውም በራሴ ይብሳል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ጥር ላይ ጉዳት መዝጋቢ ተላከ። ቀጥሎ ስንዴ መጣና መዝጋቢው እኔ ሆንኩ። ባልቴቷ ከሰልፉ ጫፍ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ ተከናንበው ቆመዋል። ሰዉ አውቋቸው ቅድሚያ ሊሰጣቸው ቢል እምቢ ብለው ተራቸውን ጠበቁ። ጠረጴዛዬ ፊት ሲደርሱ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። ስማቸውን ጻፍኩ። ቅጹ ላይ «የችግሩ ምክንያት» የሚል ቦታ አለ፤ እሱንም ሞላሁ።

«ምን ብለህ ጻፍክ?» አሉኝ።

«በረዶ።»

«በረዶማ የእግዜር ነው፣ ከሱ ጋር ጠብ የለኝም። ሰዎቿን ከማሳዋ ላይ አስነሣሁባት ብለህ ጻፍ።»

እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር። ምንም ሳልሰርዝ ቀለሙን አቀረብኩላቸውና ጣታቸውን ይዤ አስፈረምኳቸው።