ሩጫዬን ያስቀረችው እትዬ ደረቀ

እኔ የሕፃናት ማቆያው ዘበኛ ነኝ። ዘበኛ ስላችሁ በር ከፍቶ የሚዘጋ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ድሮ ሕፃናቱ ወደ ቤት መሄጃቸው ሲደርስ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆሜ እጄን ስዘረጋ፣ ያ ሁሉ ሕፃን "አባባ!" እያለ በሩጫ መጥቶ እላዬ ላይ ይከመር ነበር። ሊወስዷቸው የመጡት እናቶች እንኳ ይቀኑብኝ ነበር። መቼም ግንድ ነኝ፣ ማን ይጥለኛል? አንዴ ከመሰላል ወደቀ እያሉ ያወራሉ። የወደቀው መሰላሉ ነው፤ እኔ አብሬው ወረድኩ እንጂ።

ኋላ እሷ ለጽዳት ተቀጠረች። ቀጠን ያለች፣ ድምጿ የማይሰማ ሴትዮ። በፊት በየሰው ቤት ልብስ ታጥብ ነበር አሉ። የገዛ ልጇ የሳሙና ውሃ ላይ አዳልጦት ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው። እሱስ የማን ልጅ ጠባሳ የለውም?

ስትወለውል ከግድግዳው ተነስታ ወደኋላዋ እየሄደች ነው። ስትጨርስ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ ትላለች፤ ኃላፊዋም ብትመጣ አታሳልፍም። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ወለሉን በእግሯ ትዳብስና "ገና ነው" ትላለች። ሲደርቅላት "ደረቀ" ትላለች። ሕፃናቱም እትዬ ደረቀ አሏት። ይባስ ብሎ ሁሉም እንደሷ እየዳበሱ መራመድ ያዙ። ሩጫዬ ቀረ።

ሄድኩባት። "አንቺ ልጅ፣ ሕፃን ካልሮጠ ምኑን ሕፃን ሆነ?"

"ሜዳው ላይ ይሩጡ ጋሼ። እዚህ ሲሮጡ የሚያዩት እርስዎን ነው፤ የሚረግጡትን ማን ይይላቸው?"

ወሬውን ቀይሬ ዝናብ ሊመጣ ነው አልኳት።

ዝናቡም አላሳፈረኝም፤ በማግስቱ ዶፉን አወረደው። የአንዷ እናት ጃንጥላ ኮሪደሩን አረጠበው። ድቡልቡሌ የምለው፣ ከሁሉም አስበልጦ የሚወደኝ ትንሹ ልጅ፣ ከወዲያ ጫፍ አየኝ። እጄን ዘረጋሁ። ሩጫ ጀመረ። ዛሬስ የኔ ነው አልኩ። ውሃው ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ፤ ቁጭ ብሎ ጫማውን አወለቀና በእግር ጣቱ ነካ ነካ አደረገው።

"አባባ፣ ገና ነው።"

እትዬ ደረቀ ጨርቋን ይዛ መጥታ አደረቀችው። ድቡልቡሌ ዳበሰና "ደረቀ" አለ፤ ያለው እሷን እያየ ነው። ከዚያ ቀስ እያለ መጣልኝ። አቀፍኩት። እቅፌ ውስጥ ሆኖ እንኳ አንገቱን ወደሷ ያዞራል።

አሁን የውጭውን በር ደፍ እኔ ራሴ እወለውላለሁ፤ ወገቤ ቢንቋቋም እሷ ሳትደርስ እጨርሳለሁ። ከሷ አስበልጬ ነው የማደርቀው። እስካሁን ግን ደረቀ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም።