የየሺን ወተት ጠጣሁ

ይህን ከሃምሳ ዓመት በላይ ለማንም ሳልናገር ኖሬያለሁ። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የጎረቤት ዶሮ በድንጋይ መምታቴን ሳይቀር ዘርዝሬያለሁ። ይህን ግን ሁልጊዜ እዘለው ነበር፤ ምክንያቱም ግማሹን ራሳቸው ያውቁት ነበር። እናንተ አታውቁኝም፤ ለእናንተ መናገር ይቀለኛል።

ጃንሆይ በወረዱበት ዓመት፣ ሁዳዴ ሲገባ፣ መካነ ሰላም ከየገጠሩ በመጣ ርሃብተኛ ተጨንቃ ነበር። እናታችንን ተስቦ ወስዷት እኔና ታናሽ እህቴ የሺ ብቻ ቀርተናል። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ፣ እሷ አሥራ ስድስት። እሷም ታማ ተኝታለች። ክሊኒኩ ለበሽተኛ የዱቄት ወተት እየበጠበጠ ያድል ስለነበር፣ ድርሻዋን በየጠዋቱ በጣሳ የምቀበልላት እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያውን ቀን ሳቀርብላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ጾም ነው እኮ፣ እቴቴ። አባን ሳትጠይቂልኝ አልቀምስም።»

ሄድኩ። ሌላ ሰው እንዳይጠጣብኝ ጣሳውን ይዤው ነው የሄድኩት። የንስሐ አባታችን ነገሩን ሰምተው አላመነቱም።

«በሽተኛ ናት፤ ገና አጥንቷ ያልጠና ልጅ! ፈትቻታለሁ፤ ትጠጣ በያት» አሉኝ።

ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ቤታችን መንገዱ አጭር ነው። በዚያ አጭር መንገድ ላይ፣ ከአንድ አጥር ጥግ ቁጭ ብዬ የእህቴን ወተት ጠጣሁ። ርቦኝ ነበር። ያልራበው ማን ነበር? ቤት ገብቼ «አባ አልፈቀዱም» አልኳት። «እሺ» አለች። በማግስቱም ጠጣሁ። እስከ ፋሲካ ድረስ ጠጣሁ። አፌ እንዳይሸታት በአመድ እየፈተግሁ ጠጣሁ። አባ ሊጠይቋት የመጡ ቀን «አሁን ገና ተኛች» ብዬ ከደጅ መለስኳቸው። ከውስጥ ብትጣራስ ኖሮ?

የሺ ዳነች። ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ምናልባት እረሳው ነበር። እሷ ግን ከዚያች ውሸቴ ትምህርት ወሰደች። ሰባት ልጅ አርግዛ፣ ሰባቱንም አጥብታ አንድ ጾም አልፈታችም፤ ፈቃድም ዳግመኛ አልጠየቀችም። «ያኔ ሞት አፋፍ ላይ ሆኜ ያልተፈቀደልኝ አሁን ምን ሆንኩና?» ትላለች። ሰው ጽናቷን ያደንቃል። እኔም አብሬ አደነቅሁ። አያችሁ ድፍረቴን?

አምና በርጩማ ልታነሳ ጎንበስ ባለችበት የጀርባ አጥንቷ ተሰበረ። በርጩማ ነው ያልኳችሁ። ደሴ የወሰድናት ሐኪም አጥንቷ ሳስቷል አለን። አጥንት የሚጠራቀመው በወጣትነት ነው፤ ከሠላሳ ዓመት ግድም ወዲያ ያለውን ጠብቆ መኖር ነው፤ እርጉዝና አራስ ደግሞ ካልበላች ልጇ ከእሷው አጥንት ይወስዳል ብሎ አስረዳን። ለብቻው ጠብቄ «አንድ ጾም እንዲህ ያደርጋል?» አልኩት። «አንዱ ብቻማ አያደርግም» አለኝ። ልቤ ሊያርፍ ነበር። ግን ያን አንዱን ጾም የዕድሜ ልክ ያደረገው ማን ነው? እኔ አይደለሁም?

ከዚያ ቀን ወዲህ እፈራለሁ። ጓዳ ውስጥ የሆነ ነገር ኳ ሲል የሺ ወደቀች ብዬ እሮጣለሁ። እጇን ስይዛት ይሰበርብኝ ይመስለኛል።

ዘንድሮ ደግሞ የባሰ መጣ። አብራን የምትኖረው የልጅ ልጇ ሰናይት፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ከስታ ከስታ የእግሯ አጥንት ሳትወድቅ ተሰነጠቀ። ሐኪሙ ወተት ጠጪ፣ ጎመን ብዪ፣ ፀሐይ ሙቂ፣ ሲሻልሽም በእግርሽ ሂጂ አላት። ቄሱም ጾሙን ፈቱላት። ልጅቱ ግን ወተቱን ገፋችው። «አያቴ በዚያ ሁሉ ርሃብ አልጠጣችም» አለች። የሺም ኩራት ኩራት ብሏት ፈገግ አለች። ዝም ብል ሁለተኛ ሰው ልሰብር ነው፤ ብናገር የእህቴን ብቸኛ ኩራት ልቀማት ነው።

ዛሬ ጠዋት ሰናይት ባለችበት ተናገርኩ። እየተንተባተብኩ አጥሩንም፣ ጣሳውንም፣ አመዱንም አልደበቅሁም። ስጨርስ የሺ ወደ ልጅቱ ዞረችና «አንቺ፣ ተነሽ ጠጪ» አለቻት። ሰናይት ጠጣች። እርግማኗን ስጠብቅ እህቴ ቀና ብላ አየችኝ።

«ይጣፍጥ ነበር፣ እቴቴ?»

«አዎ» አልኳት። «በጣም ይጣፍጥ ነበር።»